ባህልን በማዋለጃ ክፍል ማስተማር፦ ለነርሲንግና ለሚድዋይፈሪ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ጥሩ አድርጋ አዋለደች። እጇ የተረጋጋ ነበር። ሕፃኑ ወዲያው አለቀሰ፤ እንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በደስታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለቻት። እናቲቱ ፈገግ ለማለት ሞከረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሒጃቧ በላብ ርሷል። አጠገቧ የቆሙት እናቷ በዝግታ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ተማሪዋ ክፉ አላሰበችም። ባደገችበት ሰፈር አራስ የሚጠየቀው በዚህ ቃል ነው። ሎግ ቡኳ (የተግባር ሥራዋ የሚመዘገብበት ደብተር) ላይም ሙሉ ነጥብ አገኘች። ቼክሊስቱ ውስጥ ይህንን የሚያይ አንድም መስመር አልነበረም። «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚለው ጽሑፍ ግን ከማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፎ ነበር።

ይህ መመሪያ ለዚያ ለጎደለው መስመር የተጻፈ ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ተማሪያችሁ ተመርቆ የት እንደሚመደብ አያውቅም። ጎጃም ያደገው አፋር ሊደርሰው ይችላል፤ ወላይታ ያደገችው ሐረርጌ። የሁሉንም ሕዝብ ልማድ በቃሉ የያዘ ተማሪ ማፍራት አንችልም። ደግሞ እንኳን ብንችል ዋጋ የለውም፤ አንድ መንደር ውስጥ ያሉ ሁለት እናቶች እንኳን አንድ ዓይነት አይደሉም። መጠየቅ የሚችል፣ መልሱን ሰምቶ ሥራውን የሚያስተካክል ተማሪ ማፍራት ግን እንችላለን። የሚከተሉት ደረጃዎች አንድ ሴሚስተርና አንድ የክሊኒካል አታችመንት (በጤና ተቋም የሚደረግ የተግባር ልምምድ) ይዘው የሚሄዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከተማሪዎቹ ቤት ጀምሩ

ስለ «ሌሎች ባህል» ከማውራታችሁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ስለራሱ ቤት ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። የቤት ሥራው ስልክ መደወል ነው። እናትን፣ አክስትን ወይም አያትን ይጠይቁ። እኔ ስወለድ ማን አዋለደኝ? ምጡ ሲመጣ ምን ተደረገ? እንግዴ ልጁ የት ገባ? አራሷ ስንት ቀን ተኛች? ምን በላች? ወደ አራስ ቤት ማን እንዳይገባ ተከለከለ?

ወንዶቹ መጀመሪያ ያፍራሉ። ከዚያ እናቶቻቸው ማውራት ሲጀምሩ የካርድ ሂሳብ ያልቅባቸዋል። አንዷ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ እንደነበር ጽፋ ትመጣለች። ሌላው ከአራሷ ራስጌ ብረት ይቀመጥ እንደነበር ይሰማል። አንዱ ደግሞ በጆሮው አዛን የተደረገለት ገና ሳይታጠብ እንደሆነ ያውቃል። ጽሑፎቹን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ያንብቡ። እናንተም የራሳችሁን አንብቡ። መምህር ካላነበበ ተማሪ የልቡን አያወጣም።

ከንባቡ በኋላ አንድ ቃል ከክፍሉ አስወጡ፦ «ኋላ ቀር»። ተማሪ ይህን ቃል ሲጠቀም አታሸማቅቁት፤ «ያየኸውን ብቻ ንገረኝ» በሉት። «እናቲቱ ኋላ ቀር ናት» የሚለው ዓረፍተ ነገር «እናቲቱ ሕፃኑን ቅቤ አዋጠችው» ወደሚለው ሲቀየር ሁለተኛው ሊታከም የሚችል ነገር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ሆስፒታልም ባህል አለው። ነጭ ጋዋን፣ በእንግሊዝኛ የሚደረግ ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት)፣ «አስታማሚዎች ውጡ!» የሚለው ጩኸት፣ ጀርባ ላይ ተኝቶ መውለድ፣ ሁሉም ልማድ ነው። ተማሪው በአራት ዓመት ስለለመደው ልማድ መሆኑ አይታየውም። ለእናቲቱ ግን ይታያታል።

ይህ ሐሳብ ከነርሶች የወጣ ነው፤ ተማሪዎቹም ቢያውቁት ይኮራሉ። በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ስብሰባ ላይ ከአገሪቱ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የሆነች አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ተነስታ ጠየቀች። ስለ ሕግ ደህንነት፣ ስለ ሥነ ምግባር ደህንነት፣ ስለ ክሊኒካል ደህንነት ታስተምሩናላችሁ፤ የባህል ደህንነትስ? ማኦሪዋ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ጥያቄውን ይዛ ዕድሜ ልኳን ሠራችበት። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ የነርሲንግ ምክር ቤት በነርሲንግና ሚድዋይፈሪ ትምህርት ውስጥ አስገባው። የራምስደን ነጥብ ቀላል ነው፤ አገልግሎቱ ደህና መሆኑን የሚመሰክረው ተገልጋዩ እንጂ ባለሙያው አይደለም። እኔ ከሁሉም ንድፈ ሐሳብ ይህን እመርጣለሁ። ተማሪዬ ያዋለደቻት እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ምስክርነቷን ሰጥታለች።

ደረጃ 2፦ የቃላት ደብተር አዘጋጁ

ተማሪዎቹ ወደ አታችመንት ከመውጣታቸው በፊት አንድ ደብተር ለቡድን ይያዝ። በሚሄዱበት አካባቢ ቋንቋ ሠላሳ ቃልና ሐረግ ይበቃቸዋል። ሰላምታ፣ «ስምሽ ማነው»፣ «የት ያምሻል»፣ «ውሃ ፈሰሰ ወይ»፣ «ደም አለ ወይ»፣ «ተንፍሺ»፣ «አሁን ግፊ»፣ «አሁን አትግፊ»፣ «ልነካሽ ነው»፣ «ይቅርታ»፣ «አይዞሽ»። ኦሮምኛ ተናጋሪ እናት ምጥ ላይ «ጃባዱ» ስትባል ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ ያየ ተማሪ ሌሎቹን ቃላት ለማጥናት ቅስቀሳ አያስፈልገውም።

አማርኛ የሚናገሩ እናቶችስ? እዚያም ችግር አለ። ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ተምረው «ፑሽ አድርጊ» ይላሉ። ሌላው «አምጪ!» ይላል። ቃሉ ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ ከማማጥ የመጣ ነው። ግን በገበያ አማርኛ ብቻ የምትግባባ እናት «አምጪ» ስትባል የምትሰማው «ይዘሽ ነይ» የሚለውን ነው። በምጥ መሐል «ምን ላምጣ?» ብላ የጠየቀች እናት አጋጥማኛለች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደብተሩ ላይ ከቃሉ ጎን የእጅ ምልክትም ይጻፍ።

ቃላቱን ከመጽሐፍ አይቅዱ። ከጽዳት ሠራተኞች፣ ከጥበቃው፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከእናቶች ማቆያ ይሰብስቡ። የእናቶች ማቆያ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 በአጣጥ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል። አታችመንት ያለበት ቦታ ማቆያ ካለው ተማሪዎቹ አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ይዋሉ። ቡና ይጠጡ። ፎርም አይሙሉ። መውለጃቸውን የሚጠብቁ እናቶች ጊዜ አላቸው፤ ጠያቂ ካገኙ ያስተምራሉ።

አጠራርም እዚሁ ደብተር ላይ ይግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ምን ብዬ ልጥራሽ?» ይሁን። ወላዷ ወጣት ብትሆንም አብረዋት የመጡት አማት «እርስዎ» ይባላሉ። እማማ፣ እትዬ፣ አደይ፣ አካባቢው የሚለውን ጠይቁ። «አንቺ ሴትዮ» እና «አልጋ ቁጥር 4» ግን ከአፋቸው ይጥፋ። ስለ ምርቃቱም እንዲሁ፤ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ለሁሉም ይሆናል። እናቲቱ ወይም ቤተሰቧ ማርያምን፣ አላህን ወይም ጌታን ከጠሩ በኋላ ተማሪው እነሱ ባሉት ይከተል።

ደረጃ 3፦ አምስቱን ጥያቄዎች በቃል ያስጠኑ

አርተር ክላይንማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታማሚው ሕመሙን በራሱ ዓይን እንዴት እንደሚያየው ለማወቅ የሚረዱ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ በአማርኛ አሳጥሬ የምሰጣቸው እነዚህን ነው።

ይህን ነገር እናንተ ቤት ምን ትሉታላችሁ?
ለምን የመጣብሽ ይመስልሻል?
እዚህ ከመምጣትሽ በፊት ምን አደረጋችሁ?
ከሁሉ በላይ የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?
ምን ቢደረግልሽ ደስ ይልሻል? ምንስ እንዳይደረግብሽ ትፈልጊያለሽ?

ጥያቄዎቹ ለስላሳ ይመስላሉ እንጂ ክሊኒካል መሣሪያ ናቸው። አንድ ምሳሌ በደንብ ልዘርዝር።

የእርግዝና ክትትል ላይ ያለች እናት «ሾተላይ አለብኝ» አለች እንበል። ልማደኛው ተማሪ ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ይቆማል። «እንዴት አወቅሽ?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች። የመጀመሪያው ልጅ ደህና ነው። ሁለተኛው ቢጫ ሆኖ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሦስተኛው ሆዷ ውስጥ ሞቶ ተወለደ። ይህ የአርኤች አለመጣጣምን፣ ማለትም የእናትና የልጅ ደም ዓይነት አለመስማማትን፣ በቁልጭ የሚያሳይ ታሪክ ነው። እናቲቱ አርኤች ኔጋቲቭ፣ አባትየው ፖዘቲቭ ሲሆኑ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ጉዳቱ ከሚከተሉት ላይ ይበረታል። አሁን ተማሪው የደም ዓይነቷን ይጠይቃል፣ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እንዲታዘዝ ያሳስባል። ሰውነቷ ገና ፀረ እንግዳ አካል ላላመረተ እናት ደግሞ አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በ28ኛው ሳምንት እና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ እንደሚሰጥ ያስታውሳል። ሾተላይ የሚባለው ሁሉ አርኤች አይደለም፤ ቂጥኝም፣ ስኳርም ተመሳሳይ ታሪክ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ እነሱም ይመርመሩ። ይህን ሁሉ የከፈተው ግን የእናቲቱ ቃል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄም እንዲሁ። ጠበል ጠጥታለች? ቅጠል ተጨቅጭቆ ተሰጥቷታል? ሆዷ ታሽቷል? የሚቆጣ ሰው ለጠየቀው «ምንም አላደረግኩም» ይባላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ያስደበቃት ባለሙያ ስለመኖሩ ግን ተረቱ ምንም አይልም። ተማሪው ጥያቄውን ሲጠይቅ ድምፁ ምን እንደሚመስል ቅረጹና መልሶ እንዲሰማው አድርጉ። ከቃሉ ይልቅ ድምፁ ነው እናትን የሚያስደብቃት።

ደረጃ 4፦ አካልን ማንበብና አቋቋምን ማክበር ያለማምዱ

ይህ ረጅሙ ደረጃ ነው። ከስኪል ላብ (በሞዴል ከሚለማመዱበት ክፍል) ይጀምራል።

እያንዳንዱ ተማሪ ሴትም ወንድም ልብሱን እንደለበሰ ካውቹ (የማዋለጃው አልጋ) ላይ ይውጣ። እግሩ መደገፊያው ላይ ይሁን። አሥር ደቂቃ ይቆይ። ሌሎቹ ከበላዩ ሆነው ስለእሱ በእንግሊዝኛ ያውሩ፤ አንዱ በሩን ከፍቶ ይግባና ይውጣ። ምንም ማብራሪያ አስቀድማችሁ አትስጡ። ሲወርዱ የሚሉትን ጻፉ። አንድ ጎበዝ ወንድ ተማሪ «ጣራው ላይ ያለውን አምፖል ብቻ ነበር የማየው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እናት ሲያናግር ወደ ራስጌዋ ሄዶ ነው።

በራሴ የደረሰውንም ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ምጡ ሲጠናባት ከካውቹ ወርዳ ተንበረከከች። የካውቹን እግር በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ብረቱ ላይ ደገፈች። እኔና ባልደረባዬ ብብቷን ይዘን አነሳናት። «ሕፃኑ ይወድቃል!» ብዬ ጮኽኩባት። ጀርባዋ ላይ ተኝታ ወለደች፤ በሰላም ተገላገለች ተብሎ ተመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀጣዩን ልጅ ቤቷ እንደወለደች ነገረችኝ። ለምን ስትላት «እዚያ ያጋድሙኛል» ነው ያለቻት። ያቺን እናት ከጤና ጣቢያ ያራቅኋት እኔ ነኝ። ትምህርቴ ውስጥ ተንበርክኮ ስለመውለድ አንድም ሰዓት አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና ወሊድ ምክረ ሐሳብ እናት ቀጥ ያለውን ጨምሮ የመረጠችውን አቋቋም እንድትይዝ፣ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ ስጋት የሌለባት ከሆነ ምጥ ላይ እንድትበላና እንድትጠጣ ይመክራል። ስለዚህ ተንበርክኮ መውለድን ማስተማር ለባህል የሚደረግ ውለታ አይደለም። ትክክለኛ የሙያ ሥራ ነው። ወለሉ ላይ ንጹሕ ፍራሽና ፕላስቲክ አንጥፉ። ሞዴሉን በተንበረከከች እናት ቁመት ያዙት። ተማሪው ከኋላ ሆኖ የሕፃኑን ራስ መቀበል፣ የልብ ምቱን በዚያ አቋቋም መስማት፣ ደም ቢበዛ እናቲቱን በፍጥነት ማስተኛት ይለማመድ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ።

ቀጥሎ ዝምታ። ምጥ ላይ መጮኽ በሚያሳፍርበት ቤት ያደገች እናት አለች። ድምፅ አታሰማም። ተማሪው «ገና ናት» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፤ ሲመለስ የሕፃኑ ራስ ታይቷል። ስለዚህ ሌላ ምልክት ያስተምሩ። ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚወጣ ላብ፣ የሚታጠፉ የእግር ጣቶች፣ አንሶላ የሚጨብጥ እጅ፣ በመሐል የሚቆረጥ ትንፋሽ። ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያው ቅጽ) በሰዓቱ ይሞላ፤ ጩኸት የፓርቶግራፍ አካል አይደለም። የምትጮኸዋንም «ምጥ ላንቺ ብቻ መጣ እንዴ?» የሚል ተማሪ በዚያው ቀን ይጠራና ይነገረው።

ወንድ ተማሪ ጉዳይም አለ። በአገራችን ወንድ ሚድዋይፎች ብዙ ናቸው፤ ጎበዞችም ናቸው። ሴት ባለሙያ የምትፈልግ እናት ግን አለች፤ ሃይማኖቷ ሊሆን ይችላል፣ ኀፍረት ሊሆን ይችላል፣ ያለፈባት ነገር ሊሆን ይችላል። ተማሪው ምክንያቱን ሳይመረምር ይጠይቅ፦ «ሴት እንድታይሽ ትፈልጊያለሽ?» ሴት ካለች ይተካ። ከሌለች እውነቱን ይንገራት፤ የመረጠቻት ሴት አጠገቧ ትቁም፣ ነጠላ ወይም ጋቢ ይሸፈንባት፣ የሚታየው ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ምርመራው አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ይደረግ። እንቢ የተባለ ወንድ ተማሪ ሎግ ቡኩ ስለሚጎድልበት ይከፋዋል። ይህን የምትፈቱት እናንተ ናችሁ፤ የኬዝ ቁጥር ጭንቀቱን ወደ እናቲቱ አታውርዱት።

ደረጃ 5፦ ሦስቱን መንገዶች አስለዩ

አሜሪካዊቷ ነርስ ማደለን ላይኒንገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲንሲናቲ ውስጥ የአእምሮ ጤና ችግር ካለባቸው ሕፃናት ጋር ስትሠራ አንድ ነገር አስተዋለች። ከተለያየ ባህል የመጡት ልጆች ለተመሳሳይ እንክብካቤ የሚሰጡት ምላሽ ተመሳሳይ አልነበረም። ከዚያ ተነስታ አንትሮፖሎጂ ተማረች፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄዳ ከጋድሱፕ ሕዝብ ጋር ኖረች። የትራንስካልቸራል ነርሲንግ (የተገልጋዩን ባህል ያገናዘበ ነርሲንግ) መሥራች የምትባለው እሷ ናት። ከሥራዋ ለክፍል የሚጠቅመው ሦስቱ የውሳኔ መንገዶች ናቸው፤ ልማዱን መጠበቅ፣ ማስተካከል፣ መቀየር።

ለተማሪዎቹ ካርዶች አድሉ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ልማድ ይጻፍ። ከሦስቱ ክምር ወደ አንዱ ያስቀምጡና ለምን እንደሆነ ይከራከሩ።

ገንፎ፣ አጥሚት፣ ቡና፣ ጸሎት፣ አዛን፣ የአራሷ ማረፍ የሚጠበቁ ናቸው። ገንፎ የሚያገነፉ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ወላዶችም ወደዋቸዋል። እንገርን መድፋት፣ ሕፃኑን ቅቤ ማዋጥ፣ እትብት ላይ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር መቀባት፣ እንጥል መቁረጥ የሚቀየሩ ናቸው። እዚህ አትለሳለሱ። ባህልን ማክበር ሕፃን የሚጎዳውን ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ቀይሩ ሲባል ግን ምን ይተካ የሚለው ይመለስ፤ አያት ቅቤውን የምታውጠው ሕፃኑን ስለምትወደው ነው፤ ሥራ ትፈልጋለች። እናቲቱ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ስታጠባ ደግፋ የምትይዘው አያት ብትሆን ቅቤው ይረሳል።

ብዙ ክርክር የሚነሳው መሐለኛው ክምር ላይ ነው። እንግዴ ልጁን ወስደው መቅበር የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። ሙሉ መሆኑ ከታየ በኋላ የተቋማችሁ የኢንፌክሽን መከላከያ ደንብ ከፈቀደ በማያፈስ ዕቃ ይሰጣቸው። ካልፈቀደ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ጉድጓድ ከገባ በኋላ መናገር ጭቅጭቅ ነው። ማተብም አለ። ለቀዶ ጥገና ስትዘጋጅ ተማሪ መቀስ አንስቶ የእናት ማተብ ሲቆርጥ አይቻለሁ። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር ወደ ኦፕሬሽን ክፍል የገባችው። ጠይቆ ፈትቶ እጇ ላይ ማሰር፣ ወይም በፕላስተር መያዝ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጾምም መሐል ላይ ነው። ነፍሰ ጡር «አልጾምም» ትልና ትጾማለች። «የምትጾሚ ከሆነ ስንት ሰዓት ድረስ ነው?» ተብላ ብትጠየቅ የአይረን ክኒኗን ሰዓት አብራችሁ ትወስናላችሁ። ለኦርቶዶክስ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክር መንገድ ክፈቱላት። ሙስሊም እናት ደግሞ ጉዳት ከፈራች ጾሙን አቆይታ በኋላ እንድታወጣ ሃይማኖቷ ይፈቅድላታል። ይህን የምትሰማው ከእናንተ ሳይሆን ከምታምናቸው ሼህ ቢሆን ይሻላል።

ካርዶቹ ሲያልቁ አንድ ጥንቃቄ አስቀምጡ። ልማድ ከአንድ ሕዝብ ጋር ብቻ አይታሰርም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ቤተ እስራኤል ደግሞ አገር ቤት ሳሉ ወንድ የወለደች እናት 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን በተለየ ጎጆ ትቆይ ነበር። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን የተለያየ ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ የምትሠራ ነርስ አንዲት ቤተ እስራኤል አያት ስለ ልጇ አራስነት ለምን እንደተጨነቀች ልትገምት አትችልም። መጠየቅ አለባት።

ደረጃ 6፦ ከአስተርጓሚ ጋር መሥራትን በሮል ፕሌይ አሳዩ

ሕግ አንድ፦ ልጅ አስተርጓሚ አይሆንም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለእናቷ ስለ ደም መፍሰስ አታስተረጉም። ሕግ ሁለት፦ ባል ወይም አማት ስለ ቤተሰብ ዕቅድ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጥቃት አያስተረጉሙም። እናቲቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን የምትጠየቅበት ዘዴ ይፈለግ፤ ለሽንት ምርመራ ስትወጣ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

አቀማመጡ ሦስት ማዕዘን ይሁን። ተማሪው እናቲቱን እያየ ያውራ። «ሆዷን ያማታል ወይ በላት» አይበል፤ «ሆድሽን ያምሻል?» ብሎ ለእሷ ይናገር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን። እሷ ረጅም ተናግራ አስተርጓሚው «አዎ ትላለች» ካለ ተማሪው ሙሉውን ይጠይቅ። መጨረሻ ላይ «ገባሽ?» አይባልም። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ቤት ስትሄጂ ለእናትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» ይባላል። መልሱ ከተሳሳተ ያላስረዳው ተማሪው ነው።

ደረጃ 7፦ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት በግልጽ አስተምሩ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። እንግዲህ ክፍላችሁ ውስጥም የተገረዙ ተማሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ትምህርቱን ስትጀምሩ ይህን አስታውሱ፤ መውጣት የፈለገች ሳትጠየቅ ትውጣ።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 565 እና 566 ይከለክለዋል። ስትገረዝ ብልቷ የተሰፋች እናት ምጥ ላይ ስትመጣ ግን ሕጉን የምታብራሩበት ሰዓት አይደለም። ተማሪው ፊቱን ይጠብቅ። «ውይ!» የሚል ድምፅ፣ ባልደረባን ጠርቶ ማሳየት፣ ይህ ሁሉ ለእሷ ሁለተኛ ቁስል ነው። ስፌቱ መቼና እንዴት እንደሚከፈት፣ ቀድሞ ክትትል ላይ እንዴት እንደሚታቀድ በሞዴል ይለማመዱ። ከወሊድ በኋላ ቤተሰብ «መልሳችሁ ስፉልን» ሊል ይችላል። መልሱ አይሆንም ነው። ግን ከመውለዷ በፊት ከእሷ ጋር፣ እሷ ከፈቀደች ከባሏም ጋር፣ ሽንቷም የወር አበባዋም ከእንግዲህ እንዴት እንደሚለወጥ መነገር አለበት። የተወለደችው ሴት ከሆነች ደግሞ ስለ ልጅቷ የሚደረገው ውይይት የሚጀመረው እዚያው አልጋ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ ፈትኑት

ያልተፈተነ ነገር አይጠናም። ኦስኪ (ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ የሚፈተንበት የተግባር ፈተና) ላይ አንድ ጣቢያ ጨምሩ። አማርኛ የማትናገር እናት ሆና የምትጫወት ሠራተኛ፣ አንድ አስተርጓሚ፣ ጣልቃ የሚገቡ አማት። አሥር ደቂቃ። ነጥቡ የሚሰጠው ለሚታይ ነገር ይሁን፤ ራሱን አስተዋወቀ? አጠራሯን ጠየቀ? ከመንካቱ በፊት አስፈቀደ? ፍርሃቷን ጠየቀ? የነገራትን መልሳ እንድትነግረው አደረገ? የእናትነት ሚና የተጫወተችው ሠራተኛም የራሷ ነጥብ ይኑራት። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «ይህ ልጅ ቢያዋልድሽ ትመለሻለሽ?»

ደረጃ 9፦ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ልዩነት አትርሱ

ንግግሩ ላይ የሚሳቅበት ተማሪ እናትን ማክበር አይማርም፤ የሚያየው ተቃራኒውን ነው። በአነጋገር ዘዬ መቀለድን እናንተ ራሳችሁ አቁሙ። ቡድኖችን እናንተ መድቡ፤ ከተተወላቸው በመጡበት አካባቢ ይሰባሰባሉ። የአካባቢውን ቋንቋ የምትችል ተማሪ ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚ ሆና እንዳትቀር ተቆጣጠሩ። እሷም ማዋለድ መማር አለባት። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የሚድዋይፎች ኮሌጅ ተማሪዎችን ከገጠር መልምሎ ወደዚያው የሚመልስበት መንገድ ጥሩ አርአያ ነው፤ ሁሉም ኮሌጅ ግን እንዲህ መመልመል አይችልም። ያላችሁን ተማሪ ነው የምታስተምሩት።

አታችመንቱ ሲያልቅ የቃላት ደብተሩን ሰብስቡ። በመጨረሻው ገጽ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የተሳሳተበትን ነገርና እናቲቱ ያስተማረችውን ይጻፍ፤ ስሟ አይጻፍ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለችው ተማሪዬ የጻፈችው ሦስት መስመር ነው። በማግሥቱ ተመልሳ ይቅርታ ጠይቃ ነበር። የእናቲቱ እናት ትከሻዋን መታ አድርገው ምን ማለት እንደሚሻል ነገሯት፤ እሷም ቃሉን ከነትርጉሙ አስገብታዋለች። ደብተሩን ለሚቀጥለው ባች አስረክቡ፤ እነሱ ከዚያ ገጽ ይጀምሩ።